ያረጀውን ዊንዶውስ ኤክስፒ በቨርቹዋል ማሽን አስነሥቶ የድሮ የግእዝ ጽሑፍን ማውጣት

ጥያቄ
ጨሞጋ ማዶ፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ሥራውን ከታላቅ ወንድሜ ስረከብ አብሮ የደረሰኝ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት፣ 512 ሜጋባይት ራም ያለው፣ ሀርድ ዲስኩም 40 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ነው። ለዕለት ሥራ መጠቀም ከተውሁት ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን ልጥለው አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ወንድሜ ለአንድ የቅኔ መምህር የጻፈው ሥራ በውስጡ አለ። የኔታ በደብረ ኤልያስ ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከመምህራኖቻቸው የሰሟቸውንና ራሳቸው የተቀኟቸውን፣ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ፣ በየጊዜው በብጫቂ ወረቀት እየጻፉ ይልኩለት ነበር። ወረቀቶቹ አንድ ክረምት ጣሪያ አፍስሶባቸው ጠፍተዋል። ስለዚህ ዛሬ ያለው ብቸኛ ቅጂ በዚያ ዲስክ ላይ ያለው ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት በወጣ የግእዝ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ከፊሉ በወርድ ፋይል ተቀምጧል፤ ከፊሉ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ብቻ በሚያውቀው የፋይል ዓይነት ተቀምጧል። የወርዱን ፋይል በፍላሽ አውጥቼ ዊንዶውስ 11 ባለው ላፕቶፔ ስከፍተው የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ሌላውን ደግሞ ላፕቶፑ ጨርሶ አይከፍተውም፤ ፕሮግራሙን በዊንዶውስ 11 ለመጫን ብሞክርም እንቢ ብሏል። አሮጌው ማሽን ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከተመታ ወዲህ አንድ ቀን ይነሣል፣ ሁለት ቀን አይነሣም፤ ሲነሣም ከዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ኤክስፒን በላፕቶፑ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም በሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር፣ ማስነሣት እንደሚቻል ሰምቻለሁ። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም አለው። ለመጠየቅ የፈለግሁት፣ ኤክስፒን ከሲዲ እንደ አዲስ ልጫን ወይስ ያለውን ዲስክ እንዳለ ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ ማዛወር ይቻላል? የፕሮግራሙ መጫኛ ሲዲ ተቧጥጦ አይነበብም። ደግሞስ እንዲህ ያለ ያረጀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማስነሣት ደንበኞች ፍላሽ ለሚሰኩበት ላፕቶፕ አደጋ አያመጣም?


መልስ
ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ ያንን ማሽን ከዛሬ ጀምሮ እንዳያስነሡት ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ነው፤ ኤክስፒ ደግሞ በተነሣ ቁጥር ማንም ሳያዝዘው በዲስኩ ላይ ብዙ ነገር ይጽፋል። ስለ ቨርቹዋል ማሽኑ ማሰብ ያለብዎ ዲስኩ ከተቀዳ በኋላ ነው። እኔ ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ሥራ ስሠራ፣ ዲስኩ ስሕተት ስላሳየ መጀመሪያ ላስተካክለው ብዬ በዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ ፈተሽሁት። መጠገኛው «የተበላሸ» ያለውን ሁሉ እየቆራረጠ አስቀመጠልኝ፤ ከዚያ በኋላ እነዚያን ፋይሎች ማንም ሊመልሳቸው አልቻለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በእኔ ደረሰ።

በዚያ ዘመን የተሠራ 40 ጊጋባይት ዲስክ ብዙውን ጊዜ ሰፊ ባለ 40 ፒን ሪባን ገመድ ያለው አይዲኢ የሚባለው ዓይነት ነው። ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ማገናኛ ይግዙ፤ የራሱ የኃይል መስጫ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ የዴስክቶፕ ዲስክ ከዩኤስቢ በሚያገኘው ኃይል ብቻ አይዞርምና። ከዚያ ላፕቶፕዎን ከፍላሽ በሚነሣ፣ ሊኑክስ በሚባል ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስነሡና ዲዲሬስኪው በሚባለው ነፃ መሣሪያ ዲስኩን በሙሉ፣ ባዶውን ቦታ ጭምር፣ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ይቅዱት። ይህን መሣሪያ የምመርጠው መጀመሪያ ጤናማውን ክፍል ፈጥኖ ስለሚያነብና የታመመውን ቦታ ለኋላ ትቶ ደጋግሞ ስለሚሞክር ነው። የት እንደ ደረሰም በአንድ ትንሽ የካርታ ፋይል እየመዘገበ ስለሚሄድ፣ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ትእዛዙን ሲሰጡ ግን ምንጩና መድረሻው እንዳይገለባበጥብዎ ሦስት ጊዜ ይመልከቱ፤ ከተገለባበጠ ባዶው ዲስክ በየኔታ ቅኔ ላይ ይጻፍበታል።

ቅጂው ሲያልቅ አሮጌውን ዲስክ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡት። ቅጂውንም ወዲያው በሌላ ዲስክ ላይ ይድገሙት፤ ከዚህ በኋላ ሥራው ሁሉ በሁለተኛው ቅጂ ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የፕሮግራሙ ሲዲ ስለማይነበብ ኤክስፒን እንደ አዲስ መጫን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ባዶ ኤክስፒ ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ የተቀዳውን ዲስክ እንዳለ ያዛውሩት። እኔ የምጠቀመው ቨርቹዋልቦክስ የሚባለውን የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ነው፤ ያንን ጥሬ ቅጂ ወደ ራሱ የዲስክ ዓይነት የሚቀይር መሣሪያ አብሮት አለ። ቨርቹዋል ማሽኑን ሲያዘጋጁ አንድ ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ራም ይስጡት። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ አምራቹ ዝቅተኛው 64 ሜጋባይት፣ የሚመከረው 128 ሜጋባይት ነው ብሎ ነበርና የእርስዎ 8 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዲስክ መቆጣጠሪያው ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ዲስኩን አይዲኢን በተካው በሳታ መቆጣጠሪያ ላይ ከሰካው፣ ኤክስፒ የዚያ ሾፌር (መሣሪያውን የሚያናግረው ፕሮግራም) አብሮት ስላልመጣ ገና ሲነሣ በሰማያዊ ገጽ ይቆማል፤ የስሕተት ቁጥሩም በ7ቢ ያልቃል። ዲስኩን ከሳታ ነቅለው በአይዲኢ መቆጣጠሪያ ላይ ይስኩት፤ ዓይነቱንም ፒክስ4 ያድርጉት። ይህም ካልበቃ የኤክስፒን ሲዲ በቨርቹዋል ማሽኑ አስነሥቶ እንደ አዲስ ሳይሆን «ጥገና» የሚለውን መጫኛ መምረጥ ይቻላል፤ ፕሮግራሞችዎንና ፋይሎችዎን ሳይነካ የሃርድዌሩን ዝርዝር ብቻ ዳግም ይሠራል። በመጀመሪያ የሚመጣው «አር» የሚለው ምርጫ ግን የትእዛዝ መስመር መጠገኛ ነው፤ እርሱን አልፈው፣ ስምምነቱን ከተቀበሉ በኋላ ነባሩ ዊንዶውስ ሲታይ የሚመጣውን ሁለተኛውን «አር» ነው የሚመርጡት።

በላፕቶፑ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው ቅንብር) ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ መከፈቱንም ይዩ። ቨርቹዋልቦክስ ከታች በኩል የኤሊ ምልክት ካሳየዎ ደግሞ የዊንዶውስ 11 የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት፣ ሃይፐር ቪ የሚባለው፣ ከበታቹ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ይንቀራፈፋል እንጂ ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል፤ እኔ ብሆን አልነካካውም።

ስለ ፈቃዱ ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ኤክስፒ የሃርድዌሩ ለውጥ ሲበዛበት እንደገና አክቲቬት ልደረግ፣ ማለትም ፈቃዴ ከአምራቹ ዘንድ ይረጋገጥልኝ፣ ይላል፤ ከማሽኑ ጋር ተገጥሞ የተሸጠ ፈቃድ ደግሞ ለዚያ ማሽን ብቻ የተሰጠ ነው። በየድረ ገጹ «የተሰበረ ኤክስፒ» እያሉ የሚያድሉትን ግን አይንኩት፤ ውስጡ ምን እንደ ተጨመረበት የሚያውቀው የለም። ለአክቲቬሽኑ ያስፈልግ እንደሆነ ኔትወርኩን በናት በኩል፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ ከላፕቶፑ ጀርባ ሆኖ ኢንተርኔት በሚያገኝበት መንገድ፣ ቢተዉት ብዙም የሚጎዳ አይመስለኝም።


መልስ
የዲማ ልጅ

ወንድሜ ከባሕር ዳር ስለ ዲስኩ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ኤክስፒ ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የተዘለለ ይመስለኛል። የጽሑፉ ግማሽ በወርድ ፋይል ካለ ለዚያ ግማሽ ኤክስፒ አያስፈልግም። የላቲን ዝብርቅርቅ የሚታየው ፋይሉ ስለ ተበላሸ አይደለም፤ ፎንቱ ላፕቶፑ ላይ ስለሌለ ነው።

ነገሩን ላብራራው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው፤ የተሰጠውም መደብ 384 ቦታ አለው። ኤክስፒ ራሱ የግእዝ ፎንት አልነበረውም፤ ንያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር መምጣት የጀመረው ከቪስታ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የግእዝ ፕሮግራሞች የሠሩት ብልሃት የላቲን ፊደላት በሚቀመጡበት ቁጥር ላይ የግእዝ ፊደል ሥዕል መሣል ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ የላቲን ፊደል ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ግን የእኛ ፊደል ነው። በአንድ ፎንት ያለው ቦታ ከ256 ስለማይበልጥና የእኛ ፊደላት፣ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ተደምረው ከዚያ ስለሚያልፉ፣ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት አከፋፈሉት። አንዳንዶቹ ደግሞ አንዱን ፊደል ከግንዱና ከቅጥያው ከሁለት ቁራጭ ያገጣጥሙታል። ስለዚህ በአንድ ቃል ውስጥ እንኳ ሁለት ፎንት ይፈራረቃል።

ከዚህ የሚከተለው ማስጠንቀቂያ የዚህ ሁሉ ሥራ ዋና ነገር ነው፦ ፋይሉን ፈጽመው እንደ ተራ ጽሑፍ ሴቭ አያድርጉት። ተራ ጽሑፍ የፎንቱን ስም ይጥላል፤ የፎንቱ ስም ከጠፋ ደግሞ በአንድ ቁጥር ላይ ያለው ምልክት የመጀመሪያው ፎንት ፊደል ይሁን የሁለተኛው መለየት አይቻልም። በወርድ ወይም አርቲኤፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቆይ፤ እነዚህ ፎንቱን ይይዛሉ።

እንግዲህ ዲስኩ ከተቀዳ በኋላ፣ ምንም ሳያስነሡ፣ ሰቨን ዚፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ቅጂ እንደ ዚፕ ፋይል ከፍተው ማየት ይችላሉ። ከዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ «ፎንትስ» ከሚለው የግእዝ ፎንቶቹን በሙሉ አውጥተው ላፕቶፑ ላይ ይጫኗቸው፤ ከዚያ የወርዱን ፋይል ይክፈቱት። ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ እንደ ተጻፈ ይታያል። ኤክስፒን ማስነሣት የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ ብቻ ለሚያውቃቸው ፋይሎች ነው፤ እዚያም ሥራው ፋይሉን በፕሮግራሙ ከፍቶ ወደ ወርድ ወይም ወደ አርቲኤፍ ማውጣት ብቻ ይሁን።

«ታይቷል» ማለት ግን «ተርፏል» ማለት አይደለም። ያ ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ እስኪቀየር ድረስ አይፈለግም፣ በስልክ አይላክም፣ ፎንቱ የሌለው ሰው አያነበውም። እዚህ ላይ ሰው የሚቸኩልበት ሌላ ነገር አለ፤ «ምን ያደክመናል፣ ማተም ነውና አንድ ልጅ ቀጥረን እንደ አዲስ እናስጽፈው» ይላል። እኔ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥሬአለሁ፤ ስለዚህ አጥብቄ እቃወማለሁ። ለአማርኛ ደብዳቤ ሰ እና ሠ ቢቀያየሩ ማንም አይሞትም። በግእዝ ግን ሠረቀ ወጣ፣ ታየ ነው፤ ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ ሰአለ ለመነ ነው። ቅኔ ደግሞ ሰምና ወርቁን ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለው መመሳሰልና መለያየት ላይ ነው የሚሠራው። በጆሮው የሚጽፍ ልጅ የየኔታን ፀሐይ ሌባ ያደርጋታል። የፎንት መቀየሪያ ፕሮግራም ግን ቁጥርን በቁጥር ስለሚተካ፣ ወንድምዎ የጻፉትን ሠ ሠ አድርጎ፣ ሰውን ሰ አድርጎ ያወጣዋል።

ለማስተያየትም ይረዳዎ ዘንድ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከኤክስፒው ውስጥ በሥዕል መልክ ያውጡት። በኤክስፒ ውስጥ አንድ የፖስትስክሪፕት (የገጽን መልክ ለፕሪንተር የሚገልጽ ቋንቋ) ፕሪንተር ጨምረው «ወደ ፋይል አትም» ቢሉት፣ ያንን ፋይል ላፕቶፑ ላይ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ይቻላል። ሾፌሩ ከኤክስፒ ጋር ስለሚመጣ ምንም ማውረድ አያስፈልግም።


መልስ
ዳሞት፣ ፍኖተ ሰላም

ስለ ኔትወርኩ ከጣና ዳር ጋር አልስማማም። ለኤክስፒ የሚሰጠው ድጋፍ ያበቃው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ ሁሉ፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ እንደ ተከፈተ ቀርቷል። ዋናክራይ የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ፣ ድጋፉ ካለቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ከልማዱ ውጭ ማስተካከያ ለማውጣት ተገዶ ነበር፤ ቀዳዳው የነበረው በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ የመጀመሪያ እትም ላይ ነው። በናት በኩል ያለ ቨርቹዋል ማሽን ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ይችላል፤ አስቀድሞ በዲስኩ ላይ የተኛ ቫይረስ ካለ፣ እርሱም አብሮ ተቀድቶ መጥቷልና፣ በሩን ከፍተን ጠበቅነው ማለት ነው። ጥቅሙስ ምንድን ነው? የኤክስፒ አሳሽ የዛሬዎቹን የምስጠራ ሥርዓቶች ስለማያውቅ አብዛኛው ድረ ገጽ እንኳ አይከፈትለትም።

ስለዚህ በቨርቹዋልቦክሱ የኔትወርክ ገጽ ላይ «ያልተያያዘ» የሚለውን ይምረጡ፤ ወይም ካርዱን ጭራሽ ያጥፉት።

ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ፍላሹ ነው። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እንደሚሠሩ ነግረውናል፤ እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ የከተማው ፍላሽ ሁሉ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ኤክስፒ ፍላሽ ሲሰካበት በውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የማስነሣት ክፉ ልማድ ነበረው፤ ይህን የሚያግድ ማሻሻያ በአውቶማቲክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የወንድምዎ ማሽን ኢንተርኔት ካልነበረው ሳይደርሰው ቀርቶ ይሆናል። ፍላሽ ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ አያስገቡ። ፋይል ለማውጣት ለቨርቹዋል ማሽኑ አንድ ትንሽ ሁለተኛ ዲስክ ይፍጠሩለት፤ በኤክስፒ ውስጥ ፋይሎቹን ወደዚያ ዲስክ ይቅዱ፤ ኤክስፒውን ያጥፉ፤ ከዚያ ያንን ትንሽ ዲስክ ብቻ በሰቨን ዚፕ ከፍተው፣ የሚያስፈልጉትን የወርድና የፖስትስክሪፕት ፋይሎች ብቻ ያውጡ። በሁለቱ መካከል ማኅደር መጋራት ይቀላል፤ ነገር ግን በኤክስፒው ውስጥ ያለ ቫይረስ በዚያ ማኅደር ላይ የመጻፍ ሥልጣን ያገኛል።

ይህን ሥራ ደንበኛ በሚስተናገድበት ላፕቶፕ ላይ ባይሠሩት ይመረጣል፤ ሌላ ከሌለዎ ግን በተነገረው መንገድ ከሄዱ አደጋው ትንሽ ነው።


ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

የዳሞትን እርምት ተቀብያለሁ። ናት ያልሁት አክቲቬሽኑን አስቤ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ከጠየቀዎ በስልክ የሚደረግበት መንገድ እንዲኖር ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ኔትወርኩን ለመክፈት ምክንያት አይሆንም። ስለ ሰቨን ዚፕ ደግሞ አላሰብሁትም ነበር።


ጥያቄ በመካከል
የቡሬ ነጋዴ

ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ያለኝ በኤክስፒ የሚሠራ የሂሳብ ፕሮግራም ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጀርባ በሰፊው የፕሪንተር ሶኬት ላይ የሚሰካ ቁልፍ አለው፤ ያለ እርሱ አይከፈትም። አዲሱ ላፕቶፕ ይህ ሶኬት የለውም። ከዩኤስቢ ወደ ፕሪንተር የሚቀይር ገመድ ገዝቼ ቁልፉን ብሰካበት በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ይሠራልን?


ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

አይሠራም፤ ገንዘብዎን አያውጡ። ያ ገመድ የሚያውቀው ለፕሪንተር መላክን ብቻ ነው፤ ቁልፉ ግን ከሶኬቱ ገመዶች ጋር በቀጥታ መነጋገር ይፈልጋል። ቁልፉ የዩኤስቢ ቢሆን ኖሮ ለቨርቹዋል ማሽኑ አሳልፎ መስጠት ቀላል ነበር፤ ያኔም ቢሆን የዩኤስቢውን ዓይነት 1.1 ወይም 2.0 ማድረግ ያስፈልጋል፤ ኤክስፒ የ3.0ን አያውቅምና። ለእርስዎ የሚሻለው አሮጌው ማሽን በሕይወት ሳለ ሂሳቡን ወደ ኤክሴል አውጥቶ በወረቀትም ማተም ነው።


ጨሞጋ ማዶ፣ ደብረ ማርቆስ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሆነውን ለሌላም ሰው ይጠቅም እንደሆነ በዝርዝር ልጻፍ።

ማገናኛው ደብረ ማርቆስ ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስላክሁት። ዲስኩን መቅዳት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ፈጀ። በመካከሉ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም ዲስኩ የሚዞረው በግድግዳ ኃይል ስለሆነ ሥራው ተቋረጠ። የካርታው ፋይል ባይኖር ተስፋ እቆርጥ ነበር፤ እንደ ተባለው ካቆመበት ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ሊነበብ ያልቻለው ከአንድ ሜጋባይት ያነሰ ነው። ሁለተኛውን ቅጂ በውጭ ዲስክ ላይ አስቀመጥሁ።

ኤክስፒውን ለማስነሣት ሳልቸኩል በየዲማ ልጅ ምክር ቅጂውን በሰቨን ዚፕ ከፈትሁት። የግእዝ ፎንቶቹ ሦስት ሆነው ተገኙ፤ ላፕቶፑ ላይ ጭኜ የወርዱን ፋይል ስከፍት የወንድሜ ጽሑፍ እንደ ድሮው ታየ። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ዓመታት ማሽኑን ሳስነሣና ስለምነው የኖርሁት በከንቱ መሆኑን ሳውቅ ተናደድሁም፤ ሳቅሁም።

የቀረውን ግማሽ ለማውጣት ቨርቹዋል ማሽኑን አዘጋጀሁ። በ7ቢ የሚያልቀው ሰማያዊ ገጽ እንደ ተነገረኝ መጣ፤ ዲስኩን ወደ አይዲኢ ሳዛውረው ኤክስፒው ተነሣ። ከዚያ ለአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ሾፌር እየፈለገ ብዙ መስኮት ከፈተ፤ ሁሉንም ሰረዝሁት። የማውዙ ቀስት ከቨርቹዋል ማሽኑ መስኮት አልወጣ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ታግዬ፣ በቀኝ በኩል ያለውን ኮንትሮል ቁልፍ መጫን እንደሚበቃ ዘግይቼ ተረዳሁ። ይህን ማንም ስላልነገረኝ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። አክቲቬሽን እስካሁን አልጠየቀም። ኔትወርኩን አጥፍቼዋለሁ።

የድሮው ፕሮግራም ያለ ችግር ተከፈተ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ አርቲኤፍ አወጣኋቸው፤ እያንዳንዱንም ወደ ፖስትስክሪፕት አተምሁት። ሦስት ፋይሎች አልተከፈቱም፤ ባልተነበበው የዲስኩ ክፍል ላይ የነበሩ ይመስለኛል። ከሦስቱ የሁለቱ የቀድሞ ቅጂ ሌላ ማኅደር ውስጥ ተገኘ፤ አንዱ ጠፍቷል።

ቨርቹዋል ማሽኑን አጥፍቼ ማኅደሩን በሙሉ በሁለት የውጭ ዲስክ ላይ ገለበጥሁት። መጀመሪያ ስናፕሾት መውሰድ፣ ማለትም ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ በቨርቹዋልቦክስ መያዝ፣ ቅጂ ማስቀመጥ መስሎኝ ነበር፤ ስናፕሾቱ ግን በዋናው የዲስክ ፋይል ላይ የተንጠለጠለ ልዩነት ብቻ ስለሆነ ዋናው ከጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ አነበብሁ። እየሠራ ሳለ መገልበጥም አይገባም፤ የተገለበጠው ግማሽ የተጻፈ ዲስክ ይሆናል።

አሁን የቀረኝ ወደ ዩኒኮድ መቀየሩ ነው። የሞከርሁት መቀየሪያ አብዛኛውን በትክክል ያወጣል፤ ሠና ሰ፣ ፀና ጸ እንደ ተጻፉ አሉ። በሁለተኛው ፎንት ያሉት ቈ፣ ኰ፣ ጐና ኈ ግን ይዘባረቃሉ፤ በተለይ ኈ በሁሉም ቦታ አራት ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ከፒዲኤፉ ጋር እያስተያየሁ በእጅ ላርማቸው ወይስ መቀየሪያውን ማስተካከል ይቻላል? የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ ደቀ መዝሙራቸው ግን ረቡዕና ዓርብ እየመጡ አብረውኝ ሊያነቡ ቃል ገብተዋል።


የዲማ ልጅ

በእጅ አያርሙ፤ ከመቶው አንዱ ያመልጥዎታል። ኈ ሁልጊዜ አራት ነጥብ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ መቀየሪያው የሁለተኛውን ፎንት ስም ስለማያውቀው በመጀመሪያው ሰንጠረዥ እያነበበው ነው። በሁለተኛው ፎንት የተጻፈውን ሁሉ በወርድ ውስጥ በፎንት ስም መፈለግ ይቻላል፤ በ«ፈልግና ተካ» መስኮት ላይ ቃሉን ባዶ ትተው የፎንቱን ስም ብቻ ይስጡት። እያንዳንዱን ምልክት በትክክለኛው የዩኒኮድ ፊደል አንድ ጊዜ ከተኩት በኋላ ቀሪውን ለመቀየሪያው ይስጡት። የተኳቸው ፊደላት አስቀድመው በዩኒኮድ ቦታቸው ላይ ስለሆኑ መቀየሪያው ሊነካቸው አይገባም፤ ቢሆንም መጀመሪያ በአንድ ገጽ ቅጂ ላይ ይሞክሩት። ከፒዲኤፉ ጋር ማስተያየቱን ግን አይተዉ፤ ደቀ መዝሙሩ ሲመጡ ከመወድሱ ይጀምሩ፤ ስምንት ቤት ስለሆነ ፊደል የሚደበቅበት ቦታ እዚያ ይበዛል። የሁለተኛውን ፎንት ስምና እነዚያን አራት ፊደላት የያዘ አንድ ገጽ ቢልኩልኝ ሰንጠረዡን ዛሬ ማታ አዘጋጅቼ እመልስልዎታለሁ።